የዳክዬ አደን ለመክፈት ስንት ፊርማ ይበቃል?

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ አሜሪካ ውስጥ የዳክዬና የዝይ አደን ወቅት በየዓመቱ ከዜሮ ተነስቶ መጽደቅ አለበት ወይ?

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ከአገር አገር የሚሰደዱ ወፎች የአንድ ስቴት ብቻ አይደሉም። ካናዳ ተፈልፍለው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይከርማሉ። ስለዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 ካናዳን ወክላ ከፈረመችው ከብሪታንያ ጋር ውል ገባች። በ1918 ውሉን የሚያስፈጽም ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ የእነዚህ ወፎች አደን በመሠረቱ ዝግ ነው። የሚከፈተው የፌዴራሉ መንግሥት በደንብ ሲከፍተው ብቻ ነው። ሲከፈትም ከሴፕቴምበር 1 እስከ ማርች 10 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ፣ ርዝመቱ ከ107 ቀን አይበልጥም። ደንቡ ካልወጣ ወቅት የሚባል ነገር የለም። ጠመንጃህን ወልውለህ ቤትህ ትቀመጣለህ።

መንገዱ ረጅም ነው። አገሪቱ በአራት የወፍ መንገድ ተከፍላለች፤ አትላንቲክ፣ ሚሲሲፒ፣ ሴንትራልና ፓስፊክ። እያንዳንዱ መንገድ የስቴቶች ምክር ቤት አለው። ምክር ቤቶቹ ሐሳብ ያቀርባሉ። የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ኮሚቴ በመኸር ወራት ተሰብስቦ ይወስናል። ከዚያ ረቂቁ ይታተማል፤ ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል፤ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ዝርያዎች እንዳይጎዱ ይታያል። በኢኮኖሚ ከባድ ደንብ ተብሎ ስለሚመደብም ወደ ዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ ሄዶ ይመረመራል። በመጨረሻ ማዕቀፉ ይታተምና ስቴቶች በውስጡ የራሳቸውን ቀን ይመርጣሉ። ከማዕቀፉ ማጥበቅ ይችላሉ፣ ማላላት ግን አይችሉም።

እኔ ያልኩት ይህን ነው። ቆጠራው ይቀጥል። የሕዝብ አስተያየትም ይቀጥል። ነገር ግን የወፉ ቁጥር በደህናው ደረጃ ላይ ከሆነ፣ የወቅቱ ቀንም ለአዳኝ የሚፈቀደው ዳክዬም ብዛት ካለፈው ዓመት ካልተለወጠ፣ ያው ወረቀት ያው ጠረጴዛ ላይ ለወራት ለምን ይተኛል? ያልተለወጠው ደንብ በራሱ ይቀጥል። የተለወጠው ብቻ ሙሉውን ምርመራ ይለፍ።

መልሶቹ ብዙ ስለነበሩ በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አቀርባቸዋለሁ።

ቁጥር 1 ከቴክሳስ ነው። ሰላምታው ረጅም፣ ሐሳቡ አጭር ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው። የዕረፍት ቀን ከወራት በፊት ማስመዝገብ አለበት። ወቅቱ መቼ እንደሚከፈት ቀደም ብሎ ቁርጡን ካላወቀ ዓመቱ አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ በሙሉ ልብ ደግፎኛል።

ቁጥር 2 የሕግ ሰው ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ያሳብቅበታል። በትሕትና ጀምሮ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። ይህ አሠራር አንድ ጊዜ ቀድሞ አጥሯል። እስከ 2015 ድረስ በዓመት ሁለት ዙር ነበር። የመጀመሪያው ለዋኔና ቀድመው ለሚታደኑ ወፎች፣ ሁለተኛው ለአብዛኛው ዳክዬና ዝይ። በሜይ ወፉ ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ ይወሰናል፣ ደንቡ ወቅቱ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ይወጣል። ስቴቶች የአደን መጽሔታቸውን ለማተም ይሯሯጡ ነበር። ከ2016–17 ወቅት ጀምሮ ግን ሁለቱ ዙሮች አንድ ሆኑ። ውሳኔውም ወደ ቀደመው ዓመት መኸር ተጎትቶ መጣ።

እዚህ ድረስ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ዋጋ እንዳለው አስታወሰን። ዛሬ ውሳኔው የሚሰጠው የዚያን ዓመት የሜይ ቆጠራ ሳይጠበቅ ነው። ያለፈውን ቆጠራና የሒሳብ ሞዴልን ተማምኖ ነው። አንድ ጊዜ የተቆረጠን ነገር ድጋሚ እዚያው ላይ ስትቆርጡ ሥጋውን እንዳትነኩ ነው ያለን። ይህን ምክር በጣም አከበርኩት። እኔ የምለው ግን ከውሳኔው በኋላ ስላለው የወረቀት ጉዞ ነው፤ ከውሳኔው በፊት ስላለው ቆጠራ አይደለም።

ቁጥር 3 ስለ ዳክዬ ምንም ግድ የለውም። የአጋዘን አደንም በዋሽንግተን ነው ወይ የሚጸድቀው ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 4 ወዲያው መለሰለት። አጋዘንና የዱር ተርኪ ድንበር አቋርጠው የሚሰደዱ ስላልሆኑ ወቅታቸውን የሚወስነው ስቴቱ ራሱ ነው። የቨርጂኒያው ከሜሪላንዱ የሚለየውም ለዚህ ነው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ የእሁድ አደንን በግል መሬት ላይ የፈቀደችው በ2014፣ በሕዝብ መሬት ላይ ደግሞ በ2022 ነው። እሁድ ሲባል አንድ ሁለት ሰው ስለ ቅዳሴ አነሳ። ወደዚያ ሳይሄድ ቁጥር 5 መጣች።

የቁጥር 5ን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚኔሶታ የምትኖር እህት ናት። ስለ ፊርማ የምንጨቃጨቀው ሁሉ ከታች ያለውን ነገር ረስተን ነው አለች። ፈቃድ ስትገዛ ባለፈው ዓመት ስንት ዳክዬ፣ ስንት ዝይ፣ ስንት ዋኔ እንዳደንክ ትጠየቃለህ። ይህ መረጃ ወደ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ከዚያ ተነስተው ናሙና አዳኞችን መርጠው በዝርዝር ይጠይቃሉ። እሷ ፈቃድ የገዛችበት ሱቅ ውስጥ ሻጩ ልጅ ምንም ሳይጠይቃት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ሞልቶ አትሞ ሰጣት። ወረቀቱን መልሳ በትክክል አስሞላችው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች አጉረመረሙባት።

ቀጥላም ስለ ክንፉ ነገረችን። አንዳንድ አዳኝ ከመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ይላክለታል። ከገደለው ዳክዬ አንድ ክንፍ ቆርጦ፣ ፖስታው ውስጥ ከትቶ፣ ቴምብር ሳይገዛ ይልካል። ባለሙያዎች በየወፍ መንገዱ ተሰብስበው ክንፎቹን ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጓቸዋል። ከላባው ቅርጽና ከቀለሙ ተነስተው ዝርያውን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የዘንድሮ ጫጩት ይሁን ያደገ ይለያሉ። ጫጩት ከበዛ ዓመቱ ደህና ነበር ማለት ነው። እሷ ባለፈው ወቅት የላከችው ማላርድ የሚባለው የዳክዬ ዝርያ ክንፍ ላይ ያለውን ሰማያዊ ሰንበር፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያለውን ነጭ መስመር ሳይቀር ገልጻልናለች። ደንቡ የሚጀምረው ከዚህ ፖስታ ነው፤ ፖስታውን የማይልክ ሰው ስለ ደንቡ መዘግየት አያማርር ብላ ጨረሰች። ጠንከር ያለች ናት፤ እውነቷን ነው።

ቁጥር 6 ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። በሰማንያዎቹ ዋሽንግተን መጥተው፣ ታክሲ እየነዱ፣ ክረምት ክረምት ሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ዝይ ያድኑ ነበር። በ1995 የሆነውን ጻፉ። ሰሜን ኬቤክ፣ ኡንጋቫ በሚባለው አካባቢ የሚራባው የካናዳ ዝይ በ1988 ወደ 118 ሺህ ጥንድ ነበር። በ1995 የቀረው 29 ሺህ ጥንድ ብቻ ነበር። መንግሥት ስደተኛውን ዝይ ማደን በአትላንቲክ መንገድ ላይ ዘጋ። ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ።

ጋሼ ያኔ የነበረውን ምሬት አልደበቁም። ማሳ የሚያከራየው ገበሬ፣ አዳኝ ይዞ የሚወጣው መሪ፣ ትንሿ ሞቴል፣ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት እንቁላል የምትጠብስላቸው ምግብ ቤት ሳትቀር ጾሟን አደረች። ዝይው ግን ተመለሰ። ጥያቄያቸው ለእኔ ነበር። ደንቡ በራሱ የሚቀጥል ቢሆን ኖሮ፣ በ1995 ፍሬኑን የሚይዝ ማን ነበር? ጋሼ፣ ፍሬኑን የሚይዘው ቆጠራው ነው ብዬ መለስኩላቸው። ቁጥሩ ከተወሰነ መስመር በታች ሲወርድ የቀጣይነት ፈቃዱ በራሱ ይቋረጥ። ማንም ባለሥልጣን ደፍሮ እስኪዘጋ መጠበቅ የለበትም። እሳቸውም መስመሩ በሕግ ከተጻፈ እስማማለሁ አሉ። በቃል ከሆነ ግን አይቀበሉም።

ቁጥር 7 ከጋሼ ተነስቶ ሐሳቡን አጠበበው። በአትላንቲክ መንገድ ለአንድ አዳኝ በቀን የሚፈቀደው ማላርድ አራት ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ማላርድ ስለቀነሰ ከ2019–20 ወቅት ጀምሮ ሁለት ሆነ። በ2023–24 ወደ አራት ተመለሰ፣ ከእነሱ ውስጥ ሴቶቹ ከሁለት እንዳይበልጡ ተብሎ። ፒንቴል የሚባለው ዳክዬ ደግሞ ለዓመታት በቀን አንድ ነበር፤ በ2025–26 ሦስት ተፈቀደ። ታዲያ ያልተለወጠ ደንብ የምትለው የቱን ነው? አንዱ ዝርያ ሲለወጥ ሌላው ይቆማል።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴም ዝርያ በዝርያ ይታይ የሚል ነው። ፒንቴል ከአንድ ወደ ሦስት ሲሄድ እሱ ይመርመር፣ በደንብ ይመርመር። ያልተነካው የወቅቱ ስድሳ ቀን ርዝመት ግን ከእሱ ጋር ታስሮ አይጠብቅ። ቁጥር 7 በዚህ ግማሽ በግማሽ ተስማማ። ሙሉ በሙሉ አላሳመንኩትም።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ቁጥር 8 ከአውሮፓ የጻፈች ናት። የአበሻ ልጅ ለመዝናናት ወፍ ገድሎ ስለ ፊርማ መርዘም ማልቀሱ ያሳፍራል አለች። ፍጥረትን ያለ ረሃብ መግደል ኃጢአት ነው ባይ ናት። አስተሳሰቧን አከብራለሁ። ቁጥር 9 ግን አላከበረም። የመለሰላትን እዚህ አልደግመውም፤ የመድረኩ ኃላፊ በቁጥር 10 ገብቶ ግማሹን ሰርዞታል። እህታችን ዶሮ ትበያለሽ ወይ የሚለው ክፍል ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ንግግር ለማንም አይጠቅምም። ሐሳቧን መመለስ ሲቻል ሰውየዋን መንካት ምን ይባላል?

ቁጥር 11 ተረጋግቶ የመለሰላት ነው። 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የዳክዬ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር መግዛት አለበት። በ1934 ሲጀመር አንድ ዶላር ነበር፤ አሁን 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲም ረግረጋማ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። አዳኙ የሚከፍለው ገንዘብ ዳክዬ ብቻ ሳይሆን እንቁራሪቱም፣ ሳቢሳውም፣ ማንም የማያድነው ትንሽ ወፍም የሚኖርበትን ውሃ ይጠብቃል። ጥላቻሽን ተይ አላላትም። ይህንንም አስገቢበት ነው ያላት።

ቴምብሩ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ በክሩ ላይም ጨምሬያለሁ። በ2023 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ የኤሌክትሮኒክስ ቴምብሩ ወቅቱን ሙሉ እንዲሠራ አድርጓል። ከዚያ በፊት ስልክህ ላይ ያለው ለ45 ቀን ብቻ ነበር የሚያገለግለው፤ ከዚያ በኋላ በፖስታ የመጣው የወረቀት ቴምብር ከፊርማህ ጋር በእጅህ መኖር ነበረበት። ፖስታ ቢዘገይ ወይ ቴምብሩ መኪና ውስጥ ቢረሳ፣ ሐይቅ ዳር የሚቆም ተቆጣጣሪ ይቀጣሃል። ሕጉ ይህን ሲያቃልል አንድም ዳክዬ አልተጎዳም፤ አንድም ሳንቲም አልቀረም። እኔ የምመኘው ማቃለል እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ቁጥር 12 ከዊስኮንሲን ነው፤ አልራራልኝም። የማቃለልን ፍሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ጀመረ። የጻፈው ስለ ተኩላ ነው። በጃንዋሪ 2021 ተኩላ ከፌዴራል ጥበቃ ወጣ። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በኖቬምበር ወቅት ለመክፈት አስቦ፣ ሳይንሱንም ምክክሩንም ለማካሄድ ጊዜ ፈልጎ ነበር። አንድ ቡድን ከሰሰው። ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ ውስጥ ይከፈት ብሎ አዘዘ። በጥድፊያ 200 ተኩላ ኮታ ተመደበ። ከዚያ 81ዱ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኦጂብዌ ነገዶች ድርሻ ነው፤ እነሱ ተኩላን እንደ ወንድም ስለሚያዩ ለመግደል አልፈለጉም። ለሌላው አዳኝ 119 ቀረ። ፌብሩዋሪ 22 ተከፈተ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ተዘጋ። የተገደለው 218 ነበር።

እንዴት ሆነ? ውሻ የያዙ አዳኞች በትኩስ በረዶ ላይ ዱካ ተከትለው ወጡ። ሕጉ ደግሞ ወቅቱን ለመዝጋት የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ይጠይቃል። ቁጥሩ እየናረ ሳለ ሰዓቱ ይቆጥራል። ቁጥር 12 በመጨረሻ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እንዳንተ ዓይነቱ ሰው ወረቀት ይቀንስ ሲል፣ ሌላው በከፈትከው በር ይገባል አለኝ። የጠመንጃ ነጋዴዎች ቅጥረኛ ነህ ብሎም ጠረጠረኝ።

በቁጥር 13 መለስኩለት። ቅጥረኛ አይደለሁም፤ የማንንም ደሞዝ አልበላም። የዊስኮንሲን ታሪክ ግን ትልቅ ትምህርት ስለሆነ አመሰገንኩት። እዚያ የተዘለለው ፊርማ አይደለም። የተዘለለው ምክክር ነው፣ የነገዶቹ ድምፅ ነው፣ ስንት ፈቃድ ቢሰጥ በቀን ስንት እንደሚገደል ማስላት ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱም ይነካ አላልኩም። ደግሜ እላለሁ፤ እነዚህ የሚነኩበት ማንኛውም ረቂቅ ቢመጣ ተቃውሞዬን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ቁጥር 14 በመሀል ገብቶ ታሪኩን ጨረሰው። በፌብሩዋሪ 2022 አንድ የፌዴራል ዳኛ በአብዛኛው አገር ለተኩላ ጥበቃውን መለሰለት፤ የዊስኮንሲን የተኩላ ወቅትም አብሮ ተዘጋ። ምክክሩን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቁጣ ባልተቀሰቀሰ ነበር ባይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የጠቀሰው እሱ ነው። ብዙ ሰው ወደደለት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ድስት ገባ። ቁጥር 15 ለመሆኑ ዳክዬውን ማን ይበላዋል ብሎ ጠየቀ። እናቱ የዱር ወፍ፣ ያውም በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ፣ በድስቷ አይዞርም ብላ አስምላዋለች። እሱ የሚያድነውን ለፈረንጅ ጎረቤቱ ይሰጣል። ብዙ ኦርቶዶክስ አዳኝ በዚህ እንደሚቸገር አውቃለሁ። ቁጥር 16 ሙስሊም ወንድማችን ነው። ከመተኮሱ በፊት ቢስሚላህ ይላል፤ ወፉ በነፍስ ከደረሰበት ወዲያው ያርደዋል። ነፍሱ ቀድማ ከወጣች ግን በጥይት የሞተው ላይ ዑለማዎች ስለሚለያዩ የሚያምናቸውን ሼኽ ጠይቆ እንደሚሠራ ተናገረ። ቁጥር 17 ደግሞ ዝይ በወጥ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረችን። ሥጋውን በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ማጠብ፣ ሌሊቱን ማሳደር፣ ቁሌቱን ከዶሮው የበለጠ ማብሰል። ቆዳውን መግፈፍ ግዴታ ነው አለች፤ የረግረጉ ሽታ ያለው እዚያ ነው። ይህ ክፍል ከርዕሱ ወጣ ቢልም ያቃጠለንን ሁሉ አበረደው።

ቁጥር 18 ባሌ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። የደጋ አጋዘን፣ ያ ኒያላ የምንለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም እንደሌለ አስታወሰን። እኛም አገር በተከለሉ የአደን ቦታዎች ኮታ እየተመደበ የውጭ አዳኝ በብዙ ሺህ ዶላር ያድነዋል። እሱን ያስቀናው አንድ ነገር ነው። እናንተ ጋ ረቂቁ ይታተማል፣ ማንም ገበሬ ተነስቶ አስተያየት ይጽፋል። አጎቶቹ ከኒያላው ጋር አንድ ደን ውስጥ ከብት እያገዱ ኖረዋል። ስንት እንደቀረ፣ የት እንደሚወልድ፣ በየትኛው ወር ወደ ላይ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ኮታው ሲወሰን ግን የጠየቃቸው የለም። የእናንተን አስተያየት መስጫ ለማሳጠር የሚያስብ ካለ መጀመሪያ ከአጎቶቼ ጋር ይነጋገር አለ።

ቁጥር 19 ጋሼ ተመልሰው መጡ። በአያታቸው ዘመን አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ የገደለ ሰው ዘራፍ እያለ ይሸለም እንደነበር አወጉን። ጎፈር ለብሶ መታየት ክብር ነበር። በጃንሆይ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1944 የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ወጥቶም ሰዉ በቶሎ አልተቀበለውም፤ ማንም ቀርቦ ያስረዳው አልነበረምና። ከቁጥር 18 ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 20 ወደ ጉዳያችን መለሰን። ጽሑፉ ደረቅ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ ነው። ኮንግረስ በ1996 ባወጣው ሕግ ከባድ ደንቦች ከታተሙ በኋላ ሥራ ላይ ለመዋል 60 ቀን መጠበቅ አለባቸው። በዚያው ሕግ ግን የአደን፣ የዓሣ ማጥመድና የካምፕ ደንቦች ከዚህ ጥበቃ ነፃ ተደርገዋል። መሥሪያ ቤቱ በወሰነው ቀን ይጸናሉ። ኮንግረስ ወፍ ቀጠሮ እንደማይጠብቅ ያኔውኑ አውቆታል። የዋይት ሐውሱ ምርመራ ግን ከኮንግረስ የመጣ አይደለም። በ1993 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ቁጥር 12866 ነው ያመጣው። በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ኢኮኖሚውን የሚነካ ደንብ ሁሉ በበጀት ቢሮው በኩል ይለፍ ይላል። ምርመራው እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። የዳክዬ አዳኞች ለጥይት፣ ለጀልባ፣ ለነዳጅና ለሆቴል የሚያወጡት ገንዘብ ሲደመር ደንቡ እዚያ መደብ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ነገሩ የዳክዬ ምርመራ አይደለም። የገንዘብ ምርመራ ነው። ካለፈው ዓመት ያልተለወጠ ወቅት ደግሞ ባለፈው ዓመት ያልነበረ ወጪ አያመጣም። ምርመራው በትዕዛዝ ስለመጣ በትዕዛዝ ሊቀል ይችላል፤ ኮንግረስ ድምፅ እስኪሰጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ሐሳቤ መውጫ መንገድ እንዳለው ያየሁት በዚህ ሰው ጽሑፍ ነው።

ቁጥር 21 ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ይህ ሰው ከእኔ በላይ መቁረጥ ይፈልጋል። በ2020ና በ2021 በኮሮና ምክንያት የሜይ ቆጠራው ጭራሽ አልተካሄደም። አውሮፕላኖቹ አልተነሱም። ወቅቱ ግን ተከፈተ፤ አደንን፣ ምንም አልሆነም። ታዲያ ቆጠራውስ በየዓመቱ ምን ያደርጋል? በሦስት ዓመት አንዴ ይበቃል፤ ደንቡም ለሦስት ዓመት ይጽና። በቁጥር 5 ላይም ቀለደባት። ለአንድ ክንፍ ይህን ያህል ማለቃቀስ ምንድነው አላት። እሷም ዝም አላለችም፤ ከዚያ የተመላለሱትን ትቼዋለሁ።

ለቁጥር 21 የሰጠሁትን መልስ ግን በሰፊው ላስቀምጥ፤ ክሩ የቆመው እዚህ ላይ ነውና።

ቆጠራው ከ1955 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። አብራሪው ራሱ የወፍ ባለሙያ ነው። ከመሬት 50 ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይዞ፣ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ሜዳ ላይ ይበራል። እሱ በግራ፣ ጓደኛው በቀኝ መስኮት ያዩትን ዳክዬ በዝርያ እየጠሩ ይቀዳሉ። ሸምበቆ ውስጥ የተደበቀውን ደግሞ በእግር የሚሄዱ ሰዎች ኩሬ በኩሬ እየዞሩ ያርማሉ። ኩሬዎቹም ይቆጠራሉ፤ ውሃ ከሌለ ጫጩት የለምና።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። በ2019 ጠቅላላው ዳክዬ 38.9 ሚሊዮን፣ ማላርድ 9.4 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ዓይናችን ታሰረ። በ2021 ሜዳው ላይ ከባድ ድርቅ ወረደ። አውሮፕላኖቹ በ2022 ሲመለሱ ጠቅላላው 34.2 ሚሊዮን፣ ማላርድ 7.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በ2023 ጠቅላላው 32.3 ሚሊዮን፣ ማላርድ 6.1 ሚሊዮን። በ2024 ትንሽ አገግሞ ወደ 34 ሚሊዮንና 6.6 ሚሊዮን መጣ። ምንም አልሆነም የተባለባቸው ዓመታት እነዚህ ናቸው። ያልተጎዳነው ከትልቅ ቁጥር ስለተነሳን ነው። ከጋሼ 29 ሺህ ጥንድ ዝይ ተነስተን ሁለት ዓመት ታውረን ቢሆንስ?

ስለዚህ ሐሳቤን ከቁጥር 2፣ 6ና 7 ተምሬ እንዲህ አጥብቄዋለሁ። አንደኛ፣ የማይለወጠው ደንብ ዝርያ በዝርያ በራሱ ይቀጥል፤ ረቂቁ ግን በየዓመቱ ይታተም፣ አስተያየት መስጫውም በአንድ ቀን እንኳ አይጠር። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በሕግ ከተጻፈው መስመር ሲወርድ ቀጣይነቱ ወዲያው ይቋረጥ። ሦስተኛ፣ አውሮፕላኖቹ ሁለት ሜይ በተከታታይ ካልተነሱ፣ ምክንያቱ ወረርሽኝም ይሁን የበጀት እጦት፣ በራሱ መቀጠል የሚባለው ነገር ይቅርና ሙሉው ምርመራ ይመለስ።

ቁጥር 21 አልተስማማም። ቁጥር 12 ሦስተኛዋን ነጥብ ብቻ እንደሚደግፍ ጻፈ፤ ለእሱ ይህም ብዙ ነው። ቁጥር 20 የትዕዛዙን ክፍል፣ ቁጥር 2 ደግሞ የሕጉን አነጋገር ለማየት ፈቃደኛ ሆነዋል። አስተያየቱን በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁት ነው፤ የሚቀጥለው ረቂቅ ሲታተም በስማችን አስገባዋለሁ። ስሙ እንዲገባለት የሚፈልግ በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ። ፈቃድ የምትገዙ ደግሞ ሻጩ ዜሮ ሲሞላ ዝም አትበሉት።